የኬኒ ሮጀርስና የዶሊ ፓርተን «አይላንድስ ኢን ዘ ስትሪም»፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካንትሪ በሚባለው የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ የሚታወቁት ድምፃውያን ኬኒ ሮጀርስና ዶሊ ፓርተን በጋራ የዘፈኑት «አይላንድስ ኢን ዘ ስትሪም» ከወጣ ከአርባ ዓመታት በላይ ቢቆጠሩም፣ ዛሬም በሬዲዮ፣ በሠርግ አዳራሽና በካራኦኬ መድረክ ላይ ይሰማል። ስለ አመጣጡ የሚነገረው ወሬ ግን ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ደግሞ ከሌሎች ዘፈኖች ታሪክ ጋር የተደባለቀ ነው። ከዚህ በታች አድማጮች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ቀርበዋል። ዓ.ም. ተብለው ተለይተው ከተመለከቱት በቀር፣ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግጥሙንና ዜማውን የደረሰው ማን ነው?

ዶሊ ፓርተን የበርካታ ታዋቂ ዘፈኖች ደራሲ በመሆኗ፣ ይህንንም ዘፈን የእሷ ድርሰት አድርገው የሚገምቱ ጥቂት አይደሉም። ግጥሙም ዜማውም ግን የባሪ፣ የሮቢንና የሞሪስ ጊብ፣ ማለትም ቢ ጂስ በሚለው የቡድን ስም የሚታወቁት የሦስቱ ወንድማማቾች ሥራ ነው።

የዲስኮ ንጉሦች ይባሉ የነበሩ ሰዎች ለካንትሪ ዘፋኝ ዜማ መድረሳቸው በመጀመሪያ ሲሰሙት ግር ይላል። ምክንያቱ በጊዜው ሁኔታ ውስጥ ይገኛል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ በአሜሪካ ዲስኮን የሚቃወም ከፍተኛ ማዕበል ተነሥቶ ስለነበር፣ ብዙ የሬዲዮ ጣቢያዎች የቢ ጂስን ዘፈኖች ከማሰማት ተቆጠቡ። ወንድማማቾቹም የራሳቸውን ድምፅ ለጊዜው ገታ አድርገው ለሌሎች ድምፃውያን ወደ መድረስ አዘነበሉ፤ በ1980 ለባርብራ ስትራይሳንድ፣ በ1982 ደግሞ ለዲዮን ዎርዊክ ሠርተው ሁለቱም ተሳካላቸው። በ1983 ተራው የኬኒ ሮጀርስ ሆነ። ባሪ ጊብ ከካርል ሪቻርድሰንና ከአልቢ ጋሉተን ጋር በመሆን የኬኒን ሙሉ አልበም ፕሮዲዩስ ያደረገ ሲሆን፣ ይህ ዘፈን ከዚያው አልበም ተለይቶ በኦገስት 1983 በነጠላ ዜማነት ወጣ። በቢ ጂስ ዘመን ሬዲዮው ዘግቶባቸው የነበረው በር በኬኒና በዶሊ ድምፅ ተከፈተላቸው ማለት ነው፤ እኔ በበኩሌ ከዘፈኑ ታሪክ ሁሉ በጣም የምወደው ይህን ክፍል ነው።

ርእሱ ምን ማለት ነው?

ቃል በቃል ሲተረጎም «በፍሰት መሃል ያሉ ደሴቶች» እንደ ማለት ነው። ደራሲዎቹ ሐረጉን የወሰዱት ኧርነስት ሄሚንግዌይ ካረፈ በኋላ በ1970 ከታተመው ተመሳሳይ ርእስ ካለው ልብ ወለዱ ሲሆን፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ፍሰት በኩባና በባሃማስ አጠገብ የሚያልፈው የገልፍ ስትሪም የባሕር ሞገድ ነው። ዘፈኑ ከመጽሐፉ ታሪክ የወሰደው ነገር የለም፤ የወሰደው ስሙን ብቻ ነው። በግጥሙ ውስጥ ሁለት ፍቅረኞች ራሳቸውን በአንድ ውኃ መሃል እንዳሉ፣ በመካከላቸው ማንም እንደማይገባ ደሴቶች ይመስላሉ።

ምሳሌውን ጠበቅ አድርጎ ለሚመረምር ሰው ትንሽ ጎዶሎ ይሆንበታል፤ ሁለት ደሴቶች ምንም ያህል ቢቀራረቡ ውኃ ይለያቸዋልና። ነገር ግን ዘፈን እንደ ቅኔ ሰሙና ወርቁ ተፈልቅቆ የሚመዘን አይደለም፤ ሁለቱ ድምፆች አዝማቹ ላይ ሲገጣጠሙ ግጥሙ ያላሟላውን ዜማው ያሟላዋል። ሌላው የሚያስፈግግ ነገር ደግሞ ሦስቱም ወንድማማቾች የተወለዱት በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው በማን ደሴት መሆኑ ነው።

ዶሊ ፓርተን ወደ ዘፈኑ የገባችው በአጋጣሚ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ኬኒ ሮጀርስ በሕይወት ዘመኑ በተለያዩ ቃለ ምልልሶች ደጋግሞ እንደተረከው፣ አዎን፣ በአጋጣሚ ነው። ዘፈኑ ሲጀመር የታሰበው ለኬኒ ብቻ ነበር። ኬኒ ሎስ አንጀለስ በሚገኘውና ላየን ሼር በተባለው የራሱ ስቱዲዮ ውስጥ ለአራት ቀናት ያህል ደጋግሞ ቢዘፍነውም፣ ነፍስ ሊዘራለት አልቻለም። በመጨረሻም ተሰላችቶ፣ ዘፈኑን ከእንግዲህ እንደማይወደው ለባሪ ጊብ በግልጽ ነገረው። የባሪ መልስ አጭር ነበር፤ የሚያስፈልገን ዶሊ ፓርተን ናት አለው።

በዚያው ቀን ዶሊ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነበረች። የኬኒ ማኔጀር የነበረው ኬን ክራገን ታችኛው ፎቅ ላይ አይቷት ስለነበር፣ ሄዶ ይዟት መጣ። ኬኒ እንደሚለው እሷ ገብታ መዝፈን ከጀመረች በኋላ ዘፈኑ ፈጽሞ የቀድሞው ዘፈን አልነበረም።

አጋጣሚው እንዲሠምር ያደረገ አንድ የወረቀት ጉዳይም እንደነበረ መዘንጋት አይገባም። በዚያ ዘመን አንድ ድምፃዊ ለሌላ የሙዚቃ ኩባንያ ለሚሠራ ዘፈን ድምፁን ሊሰጥ የሚችለው ያስፈረመው ኩባንያ ሲፈቅድ ነበር፤ ድርድሩም ብዙ ጊዜ ይወስድ ነበር። ዶሊ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአር ሲ ኤ ድምፃዊት ነበረች፤ ኬኒም በዚያው በ1983 ወደ አር ሲ ኤ ተዛውሮ የመጀመሪያውን አልበም እየሠራ ነበር። ሁለቱ በአንድ ኩባንያ ጥላ ሥር ባይገናኙ ኖሮ፣ ዶሊ ከታችኛው ፎቅ ወደ ስቱዲዮው የወጣችበት መንገድ እንዲህ አጭር አይሆንም ነበር።

አንድ ሰው ሲዘፍነው ያልሠመረው ዘፈን ለሁለት ሲሆን ለምን ሠመረ?

የዚህ ጥያቄ መልስ በዘፈኑ አሠራር ውስጥ አለ። በእኛ ባህላዊ ዘፈን አንድ አውራጅና ብዙ ተቀባዮች አሉ፤ አውራጁ ነገሩን ያነሣል፣ ተቀባዩ ያጸናለታል። እዚህ ግን ሁለቱም አውራጆች፣ ሁለቱም ተቀባዮች ናቸው። ኬኒ የመጀመሪያውን ስንኝ ረጋ ባለና ሻከር ባለ ድምፁ፣ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ዝቅ አድርጎ ይጀምረዋል። ዶሊ ወዲያው አትገባም፤ አድማጩ የብቸኛ ሰው ዘፈን እየሰማ መሆኑን ካመነ በኋላ ቀጭን ድምፅዋ በኬኒ ድምፅ ላይ ቀስ ብሎ ይደረባል፣ አዝማቹንም አብረው ይሉታል። ሁለተኛውን ስንኝ እሷ ትጀምረዋለች።

በሁለቱ ስንኞች መካከል ሙዚቀኞች ኪይ የሚሉት የዜማው መነሻ ይቀየራል። ይህ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም። የወንድና የሴት ድምፅ የሚመቻቸው ከፍታ የተለያየ በመሆኑ፣ በአንድ መነሻ ላይ የተሠራ ዜማ ለአንዱ ሲመች ለሌላው ወይ ይጎረብጠዋል ወይ ያስጮኸዋል፤ መነሻውን ማዘዋወር ለእያንዳንዳቸው በሚመቻቸው ቦታ ላይ እንዲቆሙ ያደርጋል። በአድማጩ ጆሮ ደግሞ ለውጡ የክፍሉ መስኮት ድንገት እንደ ተከፈተ ያህል ይሰማል፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ዘፈኑ የዶሊ ይሆናል።

ግጥሙንም ማየት ይገባል። አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ «እኛ» እያለ ስለ ሁለት ሰዎች መተማመን ሲዘፍን፣ ሌላኛው ሰው የለም፤ አድማጩ የአንዱን ቃል ብቻ አምኖ መቀበል አለበት። ሁለተኛው ድምፅ ሲገባ ግን ያ «እኛ» ማስረጃ ያገኛል። በእኔ ግምት ኬኒ በአራት ቀናት ድካም ሊያገኘው ያልቻለው ነገር ይህ ነበር፤ የጎደለው የድምፁ ችሎታ አልነበረም።

በእርግጥ የካንትሪ ዘፈን ነው ሊባል ይችላል?

በዚህ ላይ ክርክሩ የቆየ ነው። ወንድማማቾቹ መጀመሪያ ያሰቡት አር ኤንድ ቢ በሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃ ስልት ሲሆን፣ ቀረጻውም የቫዮሊን ወይም የባንጆ አጀብ የሚሰማበት የገጠር ካንትሪ አይደለም፤ ለስላሳ የፖፕ ቅንብር ነው። ካንትሪ የሚያሰኙት ሁለቱ ዘፋኞች ናቸው። ዶሊ በቴነሲ ተራራማ አካባቢ በሰቪየር ካውንቲ ከአሥራ ሁለት ልጆች መካከል አራተኛ ሆና ተወልዳ በድህነት ያደገች ናት፤ የቀዬዋ አነጋገር በየትኛውም ቅንብር ውስጥ ከድምፅዋ አይጠፋም። ኬኒ በቴክሳስ በሂውስተን ከተማ የተወለደ ሲሆን፣ ጃዝንም ሮክንም ሞክሮ ወደ ካንትሪ የመጣ ሰው ነው።

የሽያጭና የሬዲዮ ሰንጠረዡ ክርክሩን በራሱ መንገድ ፈትቶታል ማለት ይቻላል። ዘፈኑ ቢልቦርድ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት በሚያወጣው የካንትሪ ሰንጠረዥ፣ ለጎልማሳ አድማጮች በሚሆኑ ለስላሳ ዘፈኖች ሰንጠረዥና ሁሉንም በሚያጠቃልለው ሆት 100 በሦስቱም አንደኛ ወጣ። ሆት 100 ላይ አንደኛ የሆነው ኦክቶበር 29 ቀን 1983፣ ማለትም ጥቅምት 18 ቀን 1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለሁለት ሳምንታት ቆይቷል። በዚያው ዓመት ፕላቲነም የሚል ማረጋገጫ አገኘ፤ በጊዜው አንድ ነጠላ ዜማ ለዚህ የሚበቃው ሁለት ሚሊዮን ቅጂ ሲደርስ ነበር። ከዚህ ዘፈን በኋላ ሎንስታር የተባለው ቡድን በ2000 እስኪሳካለት ድረስ፣ ከአሥራ ስድስት ዓመታት በላይ አንድም የካንትሪ ዘፈን ሆት 100 ላይ አንደኛ አልወጣም። የካንትሪ ሙዚቃ አካዳሚም የዓመቱ ምርጥ ነጠላ ዜማ ብሎ ሸልሞታል። የካንትሪ ሰዎች ራሳቸው የእኛ ነው ካሉ፣ ከውጭ ሆኖ አይደለም ማለት የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ከዚህ በፊት ሁለቱም የጥንድ ዘፈን ልምድ ነበራቸው?

በሚገባ ነበራቸው። ወንድና ሴት እየተቀባበሉ መዝፈን በካንትሪ ሙዚቃ ውስጥ የቆየ ልማድ ነው፤ ጆርጅ ጆንስና ታሚ ዋይኔት፣ ኮንዌይ ትዊቲና ሎሬታ ሊን በዚሁ ይታወቃሉ። ዶሊ ራሷ ስሟ የተሰማው ከ1967 ጀምሮ ከፖርተር ዋጎነር ጋር በቴሌቪዥን ዝግጅቱና በጥንድ አልበሞች ነው፤ በ1974 ከእሱ ተለይታ በራሷ ቆመች። ኬኒ ደግሞ ከዶቲ ዌስት፣ ከኪም ካርንስና ከሺና ኢስተን ጋር ዘፍኖ ነበር። ስለዚህ ስቱዲዮ ውስጥ የተገናኙት ሌላውን ማዳመጥ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ።

ፍቅረኞች ነበሩ?

አልነበሩም። ዶሊ በ1966 ካገባችው ከካርል ዲን ጋር ባለቤቷ በ2025 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ በትዳር ኖራለች። ኬኒም በጊዜው ባለትዳር ነበር። ሁለቱም ለብዙ ዓመታት በተጠየቁ ቁጥር መልሳቸው ጓደኝነት የሚል ነበር።

ይህ ዘፈን ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ የሚባለው ምንድን ነው?

ዘፈኑ ራሱ ከኢትዮጵያ ጋር አይገናኝም፤ የሠሩት ሰዎችና የተሠራበት ቤት ግን ይገናኛሉ። ዶሊን ከታችኛው ፎቅ ይዟት የመጣው ኬን ክራገን፣ የኬኒ ብቻ ሳይሆን የላየነል ሪቺም ማኔጀር ነበር። ላየነል ሪቺ በ1980 ለኬኒ አንደኛ የወጣለትን ዘፈን የደረሰ ሰው ሲሆን፣ በኖቬምበር 1983 «አይላንድስ ኢን ዘ ስትሪም»ን ከሆት 100 አንደኛ ደረጃ ያወረደውም የእሱ የራሱ ዘፈን ነበር።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወቅት በወሎና በትግራይ የደረሰው እልቂት በዓለም ቴሌቪዥን ሲታይ፣ ሃሪ ቤላፎንቴ የአሜሪካ ድምፃውያንን የማሰባሰብ ሐሳብ ይዞ የደወለው ለክራገን ነበር። ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን ደረሱ፤ ኩዊንሲ ጆንስ መራው። የዘፈኑ መሠረታዊ ሙዚቃ ጃንዋሪ 22 ቀን 1985፣ ማለትም ጥር 14 ቀን 1977 ዓ.ም. የተቀረጸው በዚያው የኬኒ ሮጀርስ ስቱዲዮ፣ በላየን ሼር ነበር። ከስድስት ቀናት በኋላ ከአርባ በላይ ድምፃውያን በሆሊዉድ ኤ ኤንድ ኤም ስቱዲዮ ተሰብስበው ድምፃቸውን ሲያስገቡ፣ ኬኒም ከእነርሱ መካከል ሆኖ ለብቻው የሚሰማ ሐረግ ዘፍኗል። ከዘፈኑ ሽያጭና ተያያዥ ገቢዎች ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለእርዳታ ተሰብስቧል።

ዶሊ ፓርተን በዚያ ቀረጻ ላይ አልነበረችም። አንዳንድ ሰው ሁለቱን ዘፈኖች በአንድ ዘመን በአንድ ካሴት ላይ ስለሰማቸው ሳይሆን አይቀርም፣ እሷም እንደነበረች አድርጎ ይናገራል።

ዘፈኑ በሬዲዮ ሲተላለፍ ገንዘቡን የሚያገኘው ማን ነው?

ብዙ አድማጭ ዘፋኞቹ ናቸው ብሎ ያስባል፤ በአሜሪካ ግን ሕጉ እንዲያ አይደለም። መደበኛ የኤፍ ኤምና የኤ ኤም ጣቢያዎች ክፍያ የሚፈጽሙት ለግጥምና ዜማ ደራሲዎችና ለአሳታሚዎቻቸው እንጂ ለድምፃውያኑ አይደለም። ኬኒና ዶሊ ከሸክላና ከካሴት ሽያጭ ድርሻ ሲያገኙ፣ ዘፈኑ በጣቢያዎች በተሰማ ቁጥር ክፍያው የሚሄደው ለጊብ ወንድማማቾች ነው።

ይህም ዘፈኑ በሌሎች እጅ ሲገባ ጎልቶ ታይቷል። በ1998 ከፉጂስ ቡድን የወጣው ፕራስ የአዝማቹን ዜማ ወስዶ፣ ቃላቱን ቀይሮ፣ ማያ በምትባለው ድምፃዊት አዘፍኖ የራፕ ዘፈን ሠራበት፤ የዚያ ዘመን ወጣቶች ዜማውን ያወቁት በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ የወላጆቻቸው ዘፈን መሆኑን ያወቁት ቆይተው ነው። በ2009 ደግሞ የብሪታንያ ኮሜዲያን ለበጎ አድራጎት በቀልድ መልክ ሲዘፍኑት ቶም ጆንስና ሮቢን ጊብ ራሱ አብረዋቸው ነበሩ፤ ያም ቅጂ በብሪታንያ አንደኛ ወጣ። ዋናው የኬኒና የዶሊ ቅጂ በዚያች አገር ከሰባተኛ ደረጃ አላለፈም ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ አብረው የዘፈኑት መቼ ነው?

ኦክቶበር 25 ቀን 2017 በናሽቪል ከተማ በብሪጅስቶን አሬና ለኬኒ ሮጀርስ ስንብት በተዘጋጀው ኮንሰርት ላይ ነው። ኬኒ በዚያን ጊዜ የ79 ዓመት አዛውንት ስለነበር ድምፁ ደክሟል፤ ዶሊ በ1983 እንዳደረገችው ሁሉ የከበደውን ክፍል ቀለል እያደረገችለት፣ በመካከልም እየቀለደች አብራው ቆመች። ይህን ዘፈን ብቻ ሳይሆን በ2013 ስለ ጓደኝነታቸው የዘፈኑትንም አቅርበዋል። ከዚያ ምሽት በኋላ በመድረክ ላይ አብረው አልዘፈኑም። ኬኒ ማርች 20 ቀን 2020 በጆርጂያ ግዛት በ81 ዓመቱ አረፈ።

ዘፈኑን አዲስ የሚሰማ ሰው ከየትኛው ቅጂ ቢጀምር ይመረጣል?

ከ1983ቱ ቀረጻ፤ በጆሮ ማዳመጫ ቢሆን ይበልጥ ያምራል፤ የዶሊ ድምፅ ሾልኮ የሚገባባት ቅጽበት በድምፅ ማጉያ ስትሰማ ልታመልጥ ትችላለችና። ቀጥሎ ቢ ጂስ ራሳቸው በ1997 በላስ ቬጋስ ኮንሰርታቸው ያቀረቡትን መስማት ይቻላል። ጉዳዩን ጠለቅ ብሎ ሊያየው ለሚፈልግ ሰው ግን የምመክረው ሌላ ነው፤ ባሪ ጊብ ለኬኒ ማሳያ ይሆን ዘንድ ብቻውን ዘፍኖ የቀረጸው ቅጂ በኋላ ለሕዝብ ቀርቧል። ዜማው ያው ነው፣ ግጥሙም ያው ነው፤ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ግን ጆሮ ሳያስበው ሁለተኛውን ሰው ይጠብቃል።